ከቀለሙ ሥር ያለውን ሳይነኩ ማወቅ

ሥዕል ሲያዩት ጠፍጣፋ ይመስላል። አይደለም፤ ውፍረት አለው። አንድ የድሮ የዘይት ቀለም ሥዕል እንውሰድ። ከታች እንጨት ወይም ሸራ አለ። እሱ ላይ ሙጫ ይቀባል። ከሙጫው በላይ ጄሶ ወይም ሌላ ነጭ መደብ ይደረጋል። መደቡ ላይ ሠዓሊው ንድፉን ይጥላል። ከዚያ የመጀመሪያው ቀለም ይመጣል፣ ከዚያ ሁለተኛው፣ ከዚያ ሦስተኛው። መጨረሻ ላይ ቫርኒሽ ይቀባል። ከ200 ዓመት በኋላ የመጣ ጠጋኝ ደግሞ የራሱን ቀለም ጨምሮበት፣ በዚያም ላይ ሌላ ቫርኒሽ ደርቦበት ሊሆን ይችላል። ከሸራው በላይ ያለው ይህ ሁሉ ተደምሮ ብዙ ጊዜ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም።

እኔን የሚይዘኝ ይሄ ስስነት ነው። ሠዓሊው ያመነታበት ቦታ፣ ሠርቶ የቀየረው እጅ፣ ከሱ በኋላ የመጡ ሰዎች ያደረጉት ሁሉ በዚያች ስስ ውፍረት ውስጥ በተራ በተራ ተቀምጧል። ሥዕሉን ለማዳን የሚሠራ ባለሙያ ይህን ተራ ማወቅ አለበት። የቱ የሠዓሊው ነው? የቱ በኋላ መጣ? የቱ ሽፋን ከየቱ እየለቀቀ ነው? ይህን ሳያውቅ እጁን ካሳረፈ፣ ሊያድነው የመጣውን ነገር ራሱ ሊያጠፋው ይችላል።

ለረጅም ጊዜ የተሠራበት መንገድ ናሙና መውሰድ ነው። ባለሙያው በማጉያ እያየ፣ ብዙ ጊዜ ከተሰነጠቀ ቦታ ወይም ከጠርዝ፣ በዓይን ለመለየት የምታስቸግር ቅንጣት በስል ቢላ ያነሳል። ቅንጣቷን ጠንካራ በሚሆን ፈሳሽ ውስጥ ያደርቃታል። ከዚያ ጎኗ እስኪወጣ ድረስ ይሞርዳትና በማይክሮስኮፕ ያያታል። የእነዚህን ቅንጣቶች ፎቶ ማየት በጣም እወዳለሁ። ነጭ መስመር፣ በላዩ ቡናማ፣ በላዩ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቢጫ የሆነ ቫርኒሽ። መቶ ዓመታት እንደዚያ ተደራርበው ይታያሉ።

ዘዴው ዛሬም ይሠራበታል፤ ወደፊትም የሚቀር አይመስለኝም። ግን ሁለት ነገር አለው። የተነሳችው ቅንጣት ምንም ያህል ብታንስ ወደ ቦታዋ አትመለስም። ሌላው ደግሞ፣ የምትነግረን ስለ ራሷ ቦታ ብቻ ነው። ከሷ አንድ ጣት ርቆ ያለው ቀለም ፍጹም ሌላ ታሪክ ሊኖረው ይችላል። የአንድ ሰው ፊት መሐል ላይ ደግሞ ማንም ናሙና አይወስድም። መውሰድም የለበትም።

ስለዚህ ሰው ሳይነካ የሚያይበትን መንገድ መፈለግ የጀመረው ገና ድሮ ነው። ራጅ በ1895 ተገኘ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በዓመቱ፣ በ1896፣ ሥዕል በራጅ ተነሳ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ ኢንፍራሬድ የሚባለው፣ ዓይን የማያየው ብርሃን ሥራ ላይ ዋለ። በኢንፍራሬድ ከቀለሙ ሥር ያለ የከሰል ንድፍ ነጭ መደቡ ላይ ጠቁሮ ይወጣል። ሁለቱም ብዙ ነገር አሳይተውናል። ነገር ግን ራጅ ሁሉንም ንብርብር በአንድ ጥላ ላይ ያትመዋል። ፊት ያለውና ኋላ ያለው አይለይም። ሥዕሉ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ ነጭ ቀለም በብዛት ካለበት ደግሞ ጨረሩ እዚያው ይዋጥና ሌላው ይሸፈናል። ኢንፍራሬድም ቢሆን ስስ ቀለም ያልፋል እንጂ ወፍራም ልስን አያልፍም። ንድፉ ስንት ማይክሮ ሜትር (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) ሥር እንዳለም አይነግረንም።

ቴራኸርዝ የመጣው እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ቴራኸርዝ ያው ብርሃን ነው፤ ዓይናችን የማያየው ብርሃን። በማይክሮዌቭና በኢንፍራሬድ መካከል ይገኛል። ብዙ ጊዜ ከ0.1 እስከ 10 ቴራኸርዝ ያለው ክልል በዚህ ስም ይጠራል። 1 ቴራኸርዝ ማለት ሞገዱ በሰከንድ 1 ትሪሊዮን ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው። የሞገዱ ርዝመት ያኔ 0.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ ክልል ለብዙ ጊዜ ሳይነካ ቆይቷል። ሬዲዮና ማይክሮዌቭ የሚያመነጩ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች እዚያ ድረስ ለመውጣት አቅም ያጥራቸዋል። ብርሃን የሚያመነጩ ዕቃዎች ደግሞ እዚያ ድረስ መውረድ ይከብዳቸዋል። ነገሩ የተከፈተው እጅግ አጫጭር ምት የሚለቁ ሌዘሮች ሲመጡ ነው። የሌዘሩ ምት አንዲት ትንሽ የሴሚኮንዳክተር አንቴና ላይ ሲያርፍ፣ አንቴናዋ የቴራኸርዝ ምት ትለቃለች። ምቱ አንድ ፒኮ ሰከንድ ገደማ ነው። ፒኮ ሰከንድ የሰከንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ነው።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ገደል ፊት ቆሞ የጮኸ ሰው ድምፁ ተመልሶ እስኪመጣ የፈጀውን ጊዜ ከለካ፣ ገደሉ ምን ያህል እንደሚርቅ ማስላት ይችላል። ቴራኸርዝም ሥዕሉ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ምቱ ይላካል። ቫርኒሹ ፊት ላይ ሲደርስ ትንሹ ይመለሳል። የቀረው ይገባል። ቫርኒሹና ቀለሙ የሚገናኙበት ጋ ሲደርስ ደግሞ ሌላ ትንሽ ይመለሳል። ቀለሙና መደቡ የሚገናኙበት ጋም እንዲሁ። መሣሪያው የእነዚህን ማሚቶዎች መምጫ ሰዓት ይመዘግባል።

ሰዓቱ እጅግ ትንሽ ነው። ብርሃን በአንድ ፒኮ ሰከንድ ውስጥ በአየር ላይ የሚሄደው 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ቀለም ውስጥ ደግሞ ይዘገያል። በግማሽ ፍጥነት የሚሄድበት፣ 0.1 ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቀለም ቢሆን፣ ገብቶ ለመውጣት 1.3 ፒኮ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። ይህን መለካት ይቻላል። ስለዚህ መሣሪያው በአንዲት ነጥብ ላይ ቆሞ ከፊት እስከ ኋላ ያለውን የንብርብር ተራ ያነባል። ከዚያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይራመድና እንደገና ያነባል። እንደዚህ እያለ ሥዕሉን በሙሉ ይዳስሰዋል፤ ጫፉም አይነካውም። ሲያልቅ የምናገኘው ጥልቀት ያለው መዝገብ ነው። እዚህ ጥልቀት ላይ ምን አለ ብለን አንዱን ሽፋን ብቻ ለይተን ማየት እንችላለን።

ሁሉንም አያልፍም። ብረት መስታወት ይሆንበታል፤ ሙሉ በሙሉ ይመልሰዋል። በጣም ስስ የሆነ የወርቅ ቅጠል እንኳ አብዛኛውን ይመልሳል። ውሃ ደግሞ ይውጠዋል። ደረቅ ወረቀት፣ ደረቅ እንጨት፣ ጨርቅ፣ ልስን፣ ጄሶና ደረቅ ቀለም ግን በተለያየ መጠን ያሳልፉታል። ዕድሉ እዚህ ላይ ነው፤ አብዛኛው የጥበብ ሥራ የተሠራው ከእነዚህ ነገሮች ነው።

ጉዳት ያመጣል ወይ ለሚል ሰው መልሱ ጥሩ ነው። በ1 ቴራኸርዝ አንዲት የብርሃን ቅንጣት የምትይዘው ጉልበት ወደ 0.004 ኤሌክትሮን ቮልት ነው (ኤሌክትሮን ቮልት የጉልበት መለኪያ ነው)። ለሥዕል የሚውል ራጅ በአስር ሺዎች ኤሌክትሮን ቮልት የሚቆጠር ጉልበት አለው። ልዩነቱ ሚሊዮኖች እጥፍ ነው። ቴራኸርዝ የቀለሙን ሞለኪውል የሚሰብር ጉልበት የለውም። እንደዚህ ዓይነት መሣሪያዎች የሚለቁት ኃይልም እጅግ ደካማ ስለሆነ ሥዕሉን አያሞቀውም። ባለሙያውም አጠገቡ ቆሞ መሥራት ይችላል።

ሐሳቡ በተግባር ሲሞከር ከታዩት የመጀመሪያ ነገሮች አንዱ ቢራቢሮ ነበር። በ2008 የአሜሪካና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በግራፋይት የተሣለ ቢራቢሮ 4 ሚሊ ሜትር ልስን ሥር ቀብረው በቴራኸርዝ ፈለጉት። ወጣ። ሆን ተብሎ የተዘጋጀ ሙከራ ነው፤ የጠፋ ቅርስ አይደለም። ግን በልስን የተሸፈነ የግድግዳ ሥዕል ልስኑ ሳይፈርስ ሊታይ እንደሚችል አሳየ። በዓለም ላይ ስንት ሥዕል እድሳት ተብሎ በኖራ እንደተለቀለቀ ላሰበ ሰው ይህ ትንሽ ወሬ አይደለም።

በዚያው ሰሞን ጃፓናዊቷ ካኦሪ ፉኩናጋና ጣሊያናዊው ማርቼሎ ፒኮሎ ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ እውነተኛ የጥበብ ሥራ ተሻገሩ። ሥራው የጣሊያናዊው ሠዓሊ የጆቶ ነው፤ በ1300 አካባቢ የተሣለው፣ በፍሎረንስ የኡፊዚ ሙዚየም ያለው፣ ባዲያ ተብሎ የሚታወቀው ባለ አምስት ክፍል የእንጨት ላይ ሥዕል። በዚያ ዘመን ሠዓሊዎች እንጨቱ ላይ ጨርቅ ይለጥፉ ነበር። በላዩ ሻካራ ጄሶ፣ ከዚያ ደግሞ ልሙጥ ጄሶ ይቀቡ ነበር። ይህን ሥራ በዓይን ማየት አይቻልም፤ ከቀለሙና ከወርቁ ጀርባ ነው። ቴራኸርዝ ከቀለሙ ሥር ያለውን የዝግጅት ሥራ ገብቶ አየው። እኔ ይህን ከድብቅ ፊት ይበልጥ እወደዋለሁ። ማንም እንደማያየው እያወቀ መደቡን በትዕግሥት ያስተካከለ ሰው ድካም ነው የታየው።

ወሬው ዓለምን የዞረው ግን ፊት ሲገኝ ነው።

በፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ጦር የያዙ ሦስት ሰዎች የሚታዩበት የግድግዳ ሥዕል አለ። ወደ ሙዚየሙ የመጣው ከካምፓና ስብስብ ጋር ነው። ጃምፒየትሮ ካምፓና በ19ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ፣ ጥንታዊ ዕቃ እየሰበሰበ የከበረ ስም ያተረፈ ጣሊያናዊ ነበር። በኋላ በገንዘብ ማጉደል ተከሶ ታሰረ። ስብስቡም ተሸጠ። ከፍተኛውን ክፍል በ1861 ፈረንሳይ ገዛችው። ከዚያ ስብስብ የመጡ አንዳንድ ሥራዎች ጥርጣሬ ይከተላቸዋል፤ ጥንታዊ ተብለው የቀረቡት በከፊል በዘመኑ ጠጋኞች እጅ የተሠሩ ሊሆኑ ይችላሉና። ጦር የያዙት ሰዎችም እንደዚያው ተጠረጠሩ።

ሥዕሉ በሌሎች ዘዴዎች ሲፈተሽ ከሥሩ ምንም አልወጣም። ቢያንካ ጃክሰን የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር በቴራኸርዝ አየችው። መጀመሪያ ዓይን ወጣ። ከዚያ አፍንጫ። ከዚያ አፍ። የአንድ ወንድ ፊት ነበር፤ ጥንታዊ ሮማዊ ሥዕል ሳይሆን አይቀርም። ውጤቱ በ2013 በአሜሪካ ኬሚስቶች ማኅበር ጉባኤ ላይ ቀረበ።

ያን ወሬ ያየ ሁሉ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው። ታዲያ ለምን የላይኛውን አንስተው የታችኛውን አያወጡትም? ጥያቄው ይገባኛል። ግን ማንሳት ማለት ማጥፋት ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰው የሠራው ቀለምም አሁን የራሱ ዕድሜ አለው። ማታለል እንኳ ቢሆን፣ ያ ዘመን ጥንትን እንዴት ይመኘው እንደነበር የሚነግር ማስረጃ ነው። የታችኛው ፊትም ቢሆን በላዩ ያለው ሲነሳ አብሮ አይነሳም ብሎ የሚፈርም ባለሙያ አይገኝም። ከቴራኸርዝ በፊት የነበረው ምርጫ ከባድ ነበር፤ ወይ ሳያውቁ መተው፣ ወይ ለማወቅ ማፍረስ። አሁን ሁለቱም ሥዕሎች በቦታቸው ተቀምጠው ሁለቱንም ማወቅ ይቻላል። ጦረኞቹ ጦራቸውን ይዘው ይቆማሉ። ሰውየውም ከሥራቸው አለ። ለእኔ ከፊቱ መገኘት ይልቅ ይሄ ይበልጣል።

የስፔናዊው ሠዓሊ የጎያ ሥዕል ታሪክም በዚሁ ሰሞን የሆነ ነው። በ1771 የተሣለ፣ ቬስታ ለምትባል የሮማውያን አምላክ የሚቀርብ መሥዋዕት የሚያሳይ ሥዕሉ በቴራኸርዝ ሲታይ በዓይን የማይታዩ መስመሮች ወጡ። አንዱ ፊርማ ይመስላል። ይመስላል የምትለውን ቃል እዚህ ጋ ማጥበቅ ያስፈልጋል። የቴራኸርዝ ምስል ደብዛዛ ነው፤ ሰው ደግሞ ፊርማ ሲፈልግ ፊርማ ያያል። ጥሩ ተመራማሪ እንደዚህ ዓይነቱን ግኝት የሚያቀርበው በጥንቃቄ ነው። ወደ ጋዜጣ ሲሻገር ግን የምትጠፋው መጀመሪያ ያቺ ጥንቃቄ ናት።

ወደ ጥገና ባለሙያው ጠረጴዛ እንመለስ፤ ቴራኸርዝ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እዚያ ይመስለኛልና።

ቫርኒሽን እንውሰድ። የጥንት ቫርኒሾች ከዛፍ ሙጫ የተሠሩ ናቸው። ከጊዜ ብዛት ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ይሆናሉ። ሰማዩ አረንጓዴ ይመስላል፤ ነጩ ልብስ ሻይ የተደፋበት። ባለሙያው ጥጥ በማሟሟያ ፈሳሽ ነክሮ ቀስ እያለ ያነሳዋል። አደጋው ግልጽ ነው። ቫርኒሹ አልቆ ቀለሙ የሚጀምርበት ቦታ በጥቂት ማይክሮ ሜትር የሚለካ ነው። አንዳንድ ሠዓሊ ደግሞ መጨረሻ ላይ ስስ ቀለም ከሙጫ ጋር ቀላቅሎ ይቀባል፤ ያ ከቫርኒሹ ጋር አብሮ ሊጠረግ ይችላል። ይህ ጉዳይ ሰዎችን ክፉኛ አጣልቷል። የለንደኑ ናሽናል ጋለሪ በ1947 የጸዱ ሥዕሎቹን ለሕዝብ ሲያሳይ የተነሳው ክርክር ለዓመታት ቀጥሏል። አንዱ ወገን ሥዕሎቹ ወደ እውነተኛ መልካቸው ተመለሱ ይላል፤ ሌላው ቆዳቸው ተገፈፈ ይላል። የተነሳው ተነስቷልና ማን ትክክል እንደሆነ በመለኪያ መፍረድ አልተቻለም።

እንግዲህ በ2017 ፈረንሳይ ሜትስ ከተማ ያለው የአሜሪካው ጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ቅርንጫፍ ተመራማሪዎች ከባልደረባቸው ጋር ያወጡትን ሥራ በዚህ ዓይን እዩት። ዴቪድ ሲትሪን፣ አሌክሳንደር ሎኬ፣ ጁንሊያንግ ዶንግና ማርቼሎ ሜሊስ አንድ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ወሰዱ። ከጣሊያናዊው ሠዓሊ ከሳሶፌራቶ አውደ ሥራ የወጣች፣ የምትጸልይ ማርያም ናት። ሥዕሉን በሙሉ በቴራኸርዝ ዳሰሱት። ሸራው፣ መደቡ፣ በመደቡ ላይ የተቀባው ስስ ቀለም፣ የመነሻው ቀለም፣ ዋናው ሥዕልና ቫርኒሹ አንድ በአንድ ተለዩ። ውፍረታቸውም ተለካ፤ በአንዲት ነጥብ ላይ ብቻ ሳይሆን በሥዕሉ ሁሉ። እግረ መንገዳቸውን ከዚያ በፊት ያልታወቀ ነገር አገኙ። ቫርኒሹ አንድ ቦታ ላይ በኋላ ሰው ተጠግኗል።

ይህ ግኝት ጋዜጣ ላይ ፊት አይሆንም። ሥዕሉን ለማጽዳት ጥጥ ለሚያነሳ ሰው ግን ወርቅ ነው። የትኛው ቦታ ቫርኒሹ ወፍራም እንደሆነ፣ የትኛው ቦታ ስስ እንደሆነ፣ የት ላይ ሌላ እጅ እንደገባ አስቀድሞ ያውቃል። ከመጀመሩ በፊት ለክቶ፣ ሲጨርስም እንደገና ለክቶ ምን ያህል እንዳነሳ ማሳየት ይችላል። ያ የ1947 ዓይነት ክርክር ከስሜት ወጥቶ ወደ ቁጥር የሚመጣበት መንገድ ይኸው ነው።

ያ ሥራ ያለ ሂሳብ አይሆንም ነበር። የቫርኒሽ ሽፋን ብዙ ጊዜ በአስር ማይክሮ ሜትሮች የሚቆጠር ነው። በዚህ ስስነት የፊቱ ማሚቶና የኋላው ማሚቶ ተደራርበው ይመጣሉ። ጥሬው ልኬት ላይ አንድ እብጠት ብቻ ይታያል። እብጠቱን ፈልቅቆ ሁለት ማድረግ የሂሳቡ ሥራ ነው።

የዚሁ ቡድን ሌላ ሥራ ደግሞ ልብ ይነካል። በ2022 የወጣ ነው። ረሚሬሞን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ከመቃብር የወጣ ትንሽ መስቀል አለ፤ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከእርሳስ ማዕድን የተሠራ። ከሟች ጋር የተቀበረ። ዘመን ዝገት አልብሶት በላዩ የተጻፈው ጠፍቷል። እዚህ ጋ የቴራኸርዝ ጠባይ ራሱ አገዘ። ዝገቱን በከፊል ያልፈዋል፤ ሥር ያለው ብረት ግን ሙሉ በሙሉ ይመልሰዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ማሚቶ የዝገቱን ፊት ይነግራል፤ ሁለተኛው የብረቱን ፊት፣ ከተቀረጸው ፊደል ጋር። ጥሬው ምስል አልተነበበም ነበር። በተለያየ ድግግሞሽ የተነሱ ምስሎች ተጣምረው ሲሠሩ ግን የላቲን ቃላት ወጡ። የአባታችን ሆይ ጸሎት ነው። በኋላ ዝገቱ በኬሚካል ሲቀንስ ንባቡ ትክክል እንደነበር ተረጋገጠ። ሁሉም ዕቃ ግን እንደዚህ ሊጸዳ አይችልም። አንዳንዱ ይፈርሳል፤ አንዳንዱ ከቦታው መነሳት የለበትም። ለእነዚያ የሚቀራቸው ሳይነካ የሚያነብ ዘዴ ብቻ ነው።

የተዘጋ መጽሐፍ የማንበብ ሙከራም በዚህ መንገድ ነው የመጣው። በ2016 የአሜሪካዎቹ ዩኒቨርሲቲዎች የኤምአይቲና የጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች ፊደል የተጻፈባቸውን ወረቀቶች ደራርበው ሳይገልጡ አነበቡ። በገጽና በገጽ መካከል 20 ማይክሮ ሜትር ገደማ አየር አለ፤ ማሚቶው የሚነሳው ከዚያ ነው። ዘጠነኛው ገጽ ድረስ ፊደሉ ተለየ። ከዚያ በኋላ የሚመለሰው ምልክት እየደከመ በጫጫታው ይዋጣል። ዘጠኝ ገጽ መጽሐፍ አይደለም። ገጹ ተጣብቆ ሊገለጥ ለማይችል ብራና የሚጠቅም ነገር ገና ይቀረዋል። መንገዱ ግን ተጀምሯል።

ለእኔ ከሁሉ የከበደው ጉዳይ የግድግዳ ሥዕል ነው። ሸራ ይነሳል፣ ይሸከሙታል፣ ወደ ላቦራቶሪ ይሄዳል። ግድግዳ የትም አይሄድም። ልስኑ ከግድግዳው ሲለቅ ከውጭ ምንም አይታይም። ቀለሙ እንዳለ ነው። ከኋላው ግን አየር ገብቷል። አንድ ቀን፣ ትንሽ ንዝረት ሲመጣ ወይም እርጥበቱ ሲለዋወጥ፣ የሰው ትከሻ የሚያህል ሥዕል ወለል ላይ ይወድቃል።

ባለሙያዎች ይህን የሚፈልጉት በጣት ጀርባ ቀስ አድርገው እየቆረቆሩና ድምፁን እያዳመጡ ነው። የለቀቀው ቦታ ባዶ ድምፅ ይሰጣል። የሠለጠነ ጆሮ ብዙ ያውቃል፤ ይህን ችሎታ አከብራለሁ። ግን መቆርቆር መንካት ነው፤ በጣም የለቀቀ ልስን ደግሞ ይህንንም አይችልም። ድምፁ መልቀቁን ይናገራል እንጂ ክፍተቱ ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ አይናገርም።

ጃፓን ናራ አካባቢ አሱካ ውስጥ ታካማትሱዙካ የሚባል የመቃብር ጉብታ አለ። በ7ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ8ኛው መጀመሪያ መካከል የተሠራ ነው። በ1972 ውስጡ ሲከፈት ድንጋዩ ላይ በተለሰነ ስስ ልስን የተሣሉ፣ ደማቅ ልብስ የለበሱ ሴቶችና ወንዶች ተገኙ። ከዚያ ሻጋታ መጣ። ባለሙያዎች ለዓመታት ታገሉት፤ ሊያቆሙት አልቻሉም። በ2007 የመቃብሩ ክፍል ድንጋዮች አንድ በአንድ ተፈተው ሥዕሎቹ ወደ ጥገና ቦታ ተወሰዱ። ያ ልስን ከ1,300 ዓመት በኋላ ምን ያህል ደካማ እንደሆነ መገመት አያዳግትም። በላዩ መቆርቆር አይታሰብም። ቴራኸርዝ ሥራ ላይ ከዋለባቸው ነገሮች አንዱ የዚያን ልስን ውስጣዊ ሁኔታ ማየት ነው፤ ከድንጋዩ ጋር የት እንደተያያዘ፣ የት እንደለቀቀ።

አየር በልስኑና በድንጋዩ መካከል ሲገባ ማሚቶው ይለወጣል። ልስኑ ሲያልቅ አንድ ማሚቶ፣ ድንጋዩ ሲጀምር ሌላ ማሚቶ ይመጣል። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ የክፍተቱ ስፋት ነው። ጥገናው ብዙ ጊዜ በመርፌ ነው፤ ማጣበቂያ ወይም ቀጭን የኖራ ውህድ በትንሽ ቀዳዳ ይገባል። መርፌው የት ይግባ፣ ምን ያህል ይግባ የሚለው ጥያቄ ከግምት ወደ ካርታ ይሸጋገራል። ባለሙያው የማያስፈልገውን ቦታ አይበሳም። አንድ ቀዳዳ ከቀረም ብዙ ነው።

ችግሮቹ ቀላል አይደሉም። እርጥብ ግድግዳ ቴራኸርዝን ይውጠዋል፤ በጣም ሊረዱ የሚገባቸው ግድግዳዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ እርጥብ ናቸው። በአየር ውስጥ ያለው እንፋሎት እንኳ ልኬቱን ያበላሻል። የሞገዱ ርዝመት በሚሊ ሜትር ክፋይ ስለሚለካ ከዚያ ያነሰ መስመር ይደበዝዛል፤ የዓይን ሽፋሽፍት የሚጠብቅ ሰው ያዝናል። ያበጠና የተጣመመ ሥዕል ማሚቶውን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይልከዋል። ጊዜም ይፈጃል። አንድ ካሬ ሜትር በግማሽ ሚሊ ሜትር እርምጃ ቢዳሰስ 4 ሚሊዮን ነጥብ ይሆናል። መሣሪያው በሰከንድ 100 ነጥብ ቢያነብ እንኳ ከ11 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ዋጋውም ለብዙ ሙዚየም የሚቀመስ አይደለም።

ብቻውን ደግሞ አይበቃም። በ2008 ከቫን ጎግ የሣር ሥዕል ሥር የሴት ፊት የወጣው በቴራኸርዝ አይደለም። ኃይለኛ ራጅ ቀለሙ ውስጥ ያሉትን ንጥረ ነገሮች እንዲያበሩ በሚያደርግ ዘዴ ነው። ያ ዘዴ ቀለሙ ከምን እንደተሠራ ይናገራል። ቴራኸርዝ ስንተኛው ሽፋን ላይ እንዳለ ይናገራል። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ሥዕሉ በደንብ የሚገለጠው። አንዱ መሣሪያ ሌላውን ሻረው የሚል ጽሑፍ ሳይ አላምነውም።

ለሙዚየሞችና ለተመራማሪዎች አንድ ልመና አለኝ። ቆንጆውን ምስል ብቻ አታስቀምጡ። በየነጥቡ የተመዘገበውን ጥሬ ማሚቶ ከነመሣሪያው ሁኔታ፣ ከነቀኑና ከነእርጥበቱ አስቀምጡ። የረሚሬሞን መስቀል ጥሬ ምስሉ ምንም አይነበብም ነበር፤ ያነበበው ሂሳቡ ነው። ሂሳቡ በየዓመቱ ይሻሻላል። ዛሬ እብጠት ብቻ የሚታይበት ልኬት ነገ ሁለት ሽፋን ሊሆን ይችላል። ደግሞም ያው ግድግዳ ከአሥር ዓመት በኋላ እንደገና ሲለካ፣ ክፍተቱ ሰፍቶ እንደሆነ ለማወቅ የሚነጻጸረው ከዚህ መዝገብ ጋር ነው። መዝገቡ ከሌለ ሁለተኛው ልኬት እንደገና የመጀመሪያ ይሆናል።